ከሙሽሮቹ ኋላ

ያ ክረምት ከፋ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ዝናቡ አላባራም። ከጀሞ ወደ ለቡ የሚወስደው መንገድ ተቆፍሮ ስለነበር ሚኒባሶች ግማሽ መንገድ ላይ ሰው እያራገፉ ይመለሱ ነበር። መብራት በሳምንት ሦስት ቀን ይጠፋል። በክረምት ሰርግ የለም፤ ጀሞ ያለ አንድ ፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶ ብቻ እያነሳ ከረመ። ለቡ ውስጥ የአቶ ኮርሳ ሁለት ላሞች በአንድ ሳምንት አለቁ። ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ሚስታቸው ወይዘሮ አያንቱ ሞቱ። የታመሙት አራት ቀን ነው። ሐኪሙ ሳንባ ነው አለ። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጎርፍ ገብቶ ሰው እግሩን ጡብ ላይ ሰቅሎ ተቀመጠ።

በሦስተኛው ቀን የሟቿ ፎቶ ተፈለገ። አልተገኘም።

ወይዘሮ አያንቱ ስልክ ሲደገንባቸው ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ የሚስቡ ሴት ነበሩ። የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ የድሮ ናት፤ ማኅተሙ ከአፍንጫቸው በታች ያለውን በልቶታል። ያኔ ልጃቸው ሮበሌ ከመጣ ጀምሮ ማንም ልብ ብሎ ያላየውን የሰርጉን አልበም አስታወሰ። ባለፈው ጥር እሱ ሲያገባ እናቱ ከሙሽሮቹ ኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እንደተነሱ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። በዕድሜያቸው ወደው የተነሱት ያን ቀን ብቻ ነው።

አልበሙን የገለጡት አቶ ኮርሳ ናቸው። ሙሽሮቹ አሉ። ዘመዶቹ አሉ። ከኋላ፣ ሚስታቸው ተቀምጠውበት የነበረው ቦታ ላይ፣ አረንጓዴ መስክ፣ ቀይ አበባና ፏፏቴ አለ።

አልበሙን ዘጉና ይህን የሠራው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሮበሌ ስሙን ተናገረ። ጓዳው በር ላይ የቆመችው ልጃቸው ሶሬቲ ስሙን ስትሰማ ግድግዳውን ያዘች። ያን ስም ሰባት ወር ሙሉ ለማንም ሳትናገር በልቧ ይዛው ነበር።

*

ዳኜ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለ ፎቶ ቤት የሚሠራ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። ያነሳል፤ ያነሳውንም ኮምፒውተር ላይ ያስተካክላል። አምስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ከጓደኛው ጋር ተከራይቶ ይኖራል። የሶሬቲ አባት ግን እርሻቸው በግማሽ ቢወሰድም በአያት በቅድመ አያታቸው ግቢ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ተከራይ ለእሳቸው መንገደኛ ነው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ።

በዚያ የጥር ቀን የቤተሰቡ ፎቶ ሲነሳ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ዳኜ ካሜራው ላይ ፍላሽ ተከለ። የፍላሽ ብርሃን ቅርብ ያለውን ያነጣል፤ ራቅ ያለው ጋ አይደርስም። ፊት የቆሙት እንደ ቀን ይወጣሉ፤ ከኋላቸው ያለው ጥቁር ይሆናል። ይህን ማንም ፎቶ አንሺ ያውቃል። ከኋላ ሌላ መብራት ማቆም ነበረበት። ራት ቀርቦ ሰው ስለቸኮለ ተወው።

ወይዘሮ አያንቱን አግዳሚው ላይ ያስቀመጣቸው እሱ ራሱ ነው። አልነሳም ብለው ብዙ ተከራከሩት። በመጨረሻ ለልጃቸው ሲሉ እሺ አሉና አንድ ነገር ጠየቁት።

«አውጥተህ ለእኔ ለራሴ ትሰጠኛለህ።»

እሰጥዎታለሁ አለ። እኔ እስክልዎ እንዳይነቃነቁ አላቸው።

አሥራ አንድ ጊዜ ተነሳ። የአቶ ኮርሳ እህት ወይዘሮ ተሾመች ፍላሹ በበራ ቁጥር ዓይናቸው ይጨፈናል። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ተሰላቸ። በአሥራ አንደኛው ላይ ዓይናቸው ተከፍቶ ተገኘ። ዳር ላይ የቆመችው ሶሬቲ ግን አንዴም አልጨፈነችም። ዳኜ ከካሜራው ጀርባ ፎቶውን ሲያይ፣ ልጅቷ የምታየው ሌንሱን ሳይሆን ከሌንሱ በላይ ያለውን ሰው እንደነበር አወቀ። ቀና ሲል አሁንም እያየችው ነው። ለአልበሙ ጉዳይ ቁጥሯን የሰጠችው እሷ ነበረች።

በማግስቱ አሥራ አንደኛውን ፎቶ በቴሌግራም ላከላት። እናቴ የታለች ብላ ጻፈች። ኋላ ናቸው፣ ጨለማው ውስጥ፣ አወጣቸዋለሁ ብሎ መለሰ። የጀመሩት እንዲህ ነው።

በዚያ ጥር ፎቶ ቤቱ ዘጠኝ ሰርግ ነበረበት። ባለቤቱ ነጋ አንድ ሕግ አለው፤ ደንበኛ ጥቁር አይወድም ይላል። ጀርባው የጠቆረ ፎቶ ሲገኝ ፊት ያሉትን ሰዎች ቆርጦ ከኋላቸው አትክልት ማስገባት የቤቱ ልማድ ነው። ያ አንድ ፏፏቴ በጀሞና በለቡ ስንት ሳሎን ውስጥ፣ ከስንት ሙሽራ ጀርባ እንደሚወርድ ነጋ ራሱ አያውቅም። የሮበሌ ሰርግ ተራው ሲደርስ ዳኜ እንደ ሌሎቹ ሠራው። የሙሽሮቹን ጠርዝ በጥንቃቄ ቆረጠ። ጥቁሩን ጣለ። አበባውን አስገባ። በዋናው ፋይል ላይ ደርቦ አስቀመጠው። በዚያች ሰዓት ሴትዮዋን አላስታወሰም።

ለፋሲካ ሰሞን ወይዘሮ አያንቱ ለቡ ታክሲ መያዣው ጋ አገኙትና ፎቶዬስ አሉት። እየመጣ ነው አለ። መረቁት። ከነሐሴ ወዲህ ያ ምርቃት ከአእምሮው አይወጣም።

*

ለሰማንያ ቀናቸው አቶ ኮርሳ ሐውልት አሠሩ። ድንጋዩ ላይ ለፎቶ የሚሆን መስታወት ያለው ቀዳዳ ተተወለት። ቀዳዳው ባዶ ነው። መቃብሩ ቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ አጠገብ ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ያየዋል፤ ደፋሩም ለምን ባዶ ሆነ ብሎ ይጠይቃል።

ዳኜ በጥቅምት ሽማግሌ ሊልክ አስቦ ነበር። ሶሬቲም ለወንድሟ ነግራዋለች፤ ወንድሟ ለአባቱ። መልሱን ይዞ ፎቶ ቤት ድረስ የመጣው ሮበሌ ነው። አልተቀመጠም። አባቱ ያሉትን እንዳለ ተናገረ።

«ሽማግሌ እንዳይልክብኝ። የሮበሌን እናት ካስቀመጣት ቦታ አውጥቶ ያምጣልኝ። እስከ መንፈቋ ካላመጣ ደጄን እንዳይረግጥ።»

መንፈቁ የካቲት ዘጠኝ ነው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሶሬቲ መጣች። ለቡ ባለ የሴራሚክ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች። በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ዋናው ፎቶ አለ ወይ። አለ አላት። ትከሻዋ ሲወርድ አየ። አምናዋለች። ይህን ሲያይ እውነቱን ለመናገር የነበረው ጊዜ አለፈበት።

የነበረው ግን በእሷ በራሷ ስልክም ላይ ያለው የቴሌግራም ቅጂ ብቻ ነበር። ቴሌግራም ፎቶ ሲያሳልፍ ያሳንሳል፤ ጥቁር ያየውን ሁሉ ባዶ ነው ብሎ ይጨፈልቀዋል። ዳኜ ያውቃል። አልነገራትም።

ከኅዳር ጀምሮ ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ እሱ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀራል። ብርሃኑን ሲጨምር ሙሽራዋ ነጥታ ትጠፋለች። ፊት ያሉትን ሸፍኖ ከኋላ ያለውን ብቻ ሲጨምር ጥቁሩ ቡናማ ይሆናል፤ ከቡናማው ውስጥ አረንጓዴና ሐምራዊ ነቁጥ ይፈላል። የሴትዮዋ ፊት ያለበት ቦታ በትንሿ ጣት ጥፍር ይሸፈናል። ነቁጡን ሲያለሰልሰው ፊቱ የቀለጠ ሻማ ይሆናል። ሲያጠራው አሸዋ ይሆናል። ሻሹ ይታያል። ትከሻው ይታያል። ፊቱ የለም። አንድ ቀን አፋቸውን አገኘሁት ብሎ ከወንበሩ ተነሳ፤ ቀርቦ ሲያየው የአጥሩ እንጨት ጥላ ነው። ሁለት ጊዜ መብራት ሄዶ የቀን ሥራውን ይዞበት ሄደ። ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። ጠረጴዛው ምንም አላደረገውም።

አብሮት የሚሠራው ቴዎ ቀልደኛ ነው።

«ወንድሜ፣ የአንዷን እናት ፊት እናምጣና እናስቀምጥላቸው። በጨለማ ማን ይለያል?»

ዳኜ አልሳቀም። ነጋም ሲያልፍ ስክሪኑን አየና፣ ሰው እንዴት ጥቁር ነገር ላይ ሁለት ወር ያፈጣል ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ሶሬቲ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ከኋላው ትቀመጣለች። ቀሚሷ ላይ የሴራሚክ አቧራ አለ። መጀመሪያ ሰሞን እጇን ትከሻው ላይ ታሳርፍ ነበር። ታኅሣሥ ላይ እጇ ቦርሳዋ ላይ ቀረ። ምን ደረስክ ትለዋለች፤ ትንሽ ቀርቶኛል ይላታል። በየሳምንቱ ያችኑ ትንሽ ይላታል።

አንድ ቅዳሜ እንዲህ ተቀምጠው ሳለ መብራት ሄደ። ስክሪኑ ጠቆረ። በጠቆረው መስታወት ላይ የሁለቱም ፊት ወጣ፤ የእሱ ከፊት፣ የእሷ ከኋላ። እያየችው ነበር። እሱም በመስታወቱ ውስጥ አያት። መዞር ብቻ ነበረበት። ብዞር ምን እላታለሁ ብሎ ፈራ። እሷ ደግሞ ይዞራል ብላ ጠበቀች፤ ቆይቶ መጠበቋ ራሱ አሳፈራት። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሁለቱም በየፊናቸው ጠልቶኛል፣ ጠልታኛለች እያሉ ሰነበቱ።

*

ጥር ሲገባ ቴዎ አንድ ፕሮግራም አመጣ። የጠፋ ፊት ይሞላል አለ፤ ኤአይ ነው። መታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ ከነማኅተሙ ሰጡት። ደብዛዛውንም ሰጡት። ደቂቃ አልፈጀበትም። ከጨለማው ውስጥ አንዲት ሴትዮ ወጡ። ቆዳቸው የጠራ ነው። ዓይናቸው ያበራል። ጥርሳቸው ሙሉ ነው። ፈገግ ብለዋል።

ዳኜ ብዙ አያቸው። እሳቸው ናቸው ብሎ ልቡን አላሳመነም፤ እሳቸው አይደሉም ብሎም አፉን ሞልቶ አልተናገረም። ደክሞት ነበር። አተመውና ወደ ለቡ ሄደ።

ሶሬቲ ደንበኛ እያስተናገደች ነበር። ጨርሳ መጣች። በካርቶኖቹ መካከል አልፋ ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው። ፊቷ መጀመሪያ ተፈታ። ከዚያ ቀስ እያለ ተዘጋ።

«ይህቺ ማን ናት?»

«እናትሽ።»

«የእናቴ የፊት ጥርሷ ሸራፋ ነው። ግራ ዓይኗ ከቀኙ ያንሳል። ሲሰለቻት ከንፈሯን ታጣምማለች፤ ያን ቀን ደግሞ ሰልችቷት ነበር።» ቀና ብላ አየችው። «ማን ናት ዳኜ?»

ማሽን እንደሠራት ነገራት። ቀዳዳው ባዶ ከሚቀር ብዬ ነው አላት። አንቺን እንዳላጣሽ ብዬ ነው የሚለው ግን ከአፉ አልወጣም፤ በወጣ ይሻል ነበር። እሷ አባቷን ለማታለል አስቦ የመጣ መሰላት።

ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«አባቴ አምኖ ቢቀበልህስ? በየዓመቱ የማላውቃት ሴትዮ ፊት ቆሜ ላለቅስ ነበር? መጀመሪያ እናቴን በአበባ ለወጥካት። አሁን በሌላ ሴት ለወጥካት። የለኝም ማለት ለምን አቃተህ? የለኝም ብትለኝ አብሬህ አለቅስ ነበር።»

ከውስጥ ባለመደብሩ ጠራት። ፎቶውን ካርቶን ላይ በግንባሩ ደፍታው ሄደች። ደንበኛውን እንደ ሁልጊዜው ስታነጋግር ሰማት። ድምፅዋ ደኅና መሆኑ ከሁሉ በላይ ጎዳው።

ታክሲ ወረፋ ላይ ሆኖ ደወለ። ዘግታዋለች። ቴሌግራሙንም ዘግታዋለች። የለኝም የሚለውን ቃል ወረፋው እስኪደርስ ድረስ በአፉ መላለሰው። ቀላል ቃል ነው። የሚሰማው ሰው ግን አልነበረም።

*

ከዐሥር ቀን በኋላ ወይዘሮ ተሾመች ፎቶ ቤት መጡ። የሚኖሩት እዚያው ጀሞ ነው። ጉርድ ፎቶ ፈልጌ ነው ብለው ተቀመጡ። ፍላሹ በራ፤ ዓይናቸው ተጨፈነ። ሦስት ጊዜ ተሞከረ። ቴዎ ጀርባውን ሰጥቶ ሳቀ።

«ሳቅ አንተ» አሉት። «መብረቅ ፊትህ ላይ ሲወድቅ አፍጥጠህ ቁምና እንይህ።»

ሊወጡ ሲሉ ከመቀነታቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ዳኜ እጅ ላይ አስቀመጡ። እኔ ምንም አልሰጠሁህም፣ አንተም ምንም አልተቀበልክም ብለው ሄዱ።

የሴራሚክ መደብሩ የዋጋ ወረቀት ነበር። ጀርባው ላይ ተጽፎበታል።

«ዳኜ፣

ስልኬን አልከፈትኩልህም። በስልክ ስታወራኝ አምንሃለሁ፤ በወረቀት ይሻላል።

ተናድጄብሃለሁ። አሁንም ቢሆን። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሁልጊዜ የምታወራኝ ስለ አንድ ፎቶ ነው። ያን ቀን ያነሳኸን አሥራ አንድ ጊዜ ነው። እግሬ እስኪዝል ስለቆምኩ ቆጥሬዋለሁ። አክስቴ የጨፈነችባቸው አሥሩ የት ሄዱ? የጨፈነችው አክስቴ ናት። እናቴ አልጨፈነችም።

ከሌሉ የሉም በል። እዚህ ታች ባለው ባዶ ቦታ ጻፍና ለአክስቴ ስጣት። እሱንም እቀበላለሁ። ሌላ ሴት ግን እንዳታመጣልኝ።

ለመንፈቋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አባቴ በየእሑዱ ሄዶ መስታወቱን በመሐረቡ ይወለውላል። ባዶውን።

ሶሬቲ»

ዳኜ ሁለት ጊዜ አነበበው። አሥሩን አንድም ቀን አላሰባቸውም። በሥራው ልማድ አንድ ሰው የጨፈነበት ፎቶ የተጣለ ነው፤ የተጣለ ደግሞ የለም። የሚፈተሸው ፊት ያለው ሰው ዓይን ነው እንጂ ኋላ ማን እንደተቀመጠ ማንም አያይም። ሦስት ወር ሙሉ አንዱን የሞተ ፎቶ ሲያገላብጥ አሥሩ የሆነ ቦታ ተኝተው ነበር። በራሱ ላይ የተሰማው ንዴት በዚያ ዓመት በማንም ላይ ተሰምቶት አያውቅም።

ነጋን ጠየቀው። ነጋ የተጣለ ፎቶ አያጠፋም፤ በዚያኛው ላይ አምሮብኝ ነበር ብሎ የሚመለስ ደንበኛ አይጠፋም። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ አጉሮ ነፋስ ስልክ ባለው ቤቱ ያስቀምጠዋል። እያጉረመረመ አብሮት ሄደ። ዲስኩ ከቴሌቪዥኑ ሥር ወጣ። ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩት አላነበበም። ነቅለው ሰኩት። አላነበበም። ነጋ ይኸው፣ እግዜርም እንቢ አለ አለው። ዳኜ ሌላ ገመድ ፈልጎ ሰካ። ዲስኩ ሳል እንደያዘው ሰው አጓርቶ ተነሳ።

የሮበሌ ሰርግ የሚል አቃፊ አለ። በውስጡ ዓይን የሚል ሌላ አቃፊ አለ። ተቆጠሩ። አሥር ናቸው። ካሜራው እንዳነሳቸው፣ ማንም ሳይነካቸው።

ዳኜ ያን ቀን ምንም ከመክፈቱ በፊት የሶሬቲን ወረቀት አውጥቶ ባዶው ቦታ ላይ ጻፈ። አሥሩ አሉ። ፊታቸው ይወጣ እንደሆነ አላውቅም። ከዚህ በላይ የሚጨምረው ነገር ፈለገ፤ ሁሉም ልመና ሆነበት። ለወይዘሮ ተሾመች ሰጣቸው። አላውቅም ብሎ ሲጽፍላት የመጀመሪያው ነበር፤ እጁ ቀለለው።

*

ሥራው ግን አልቀለለም። አንዱን ከፈተና ከኋላ ያለውን ብርሃን ከፍ አደረገ። ፊቱ አለ። ነቁጡም አለ፤ እንደ ንብ መንጋ ሸፍኖታል። ሁለተኛውን ከፈተ፤ ያው ነው። አሥሩም ያው ናቸው። ሳምንቱ አለቀ።

ከዋክብት የሚያነሱ ሰዎች አንድን ሰማይ ደጋግመው አንስተው እንደሚደራርቡ አንድ ጊዜ ቪዲዮ ላይ አይቶ ነበር። ነቁጡ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቦታውን ይቀያይራል። እውነተኛው ነገር አይቀያይርም። ተደራርበው ኮምፒውተሩ የሁሉንም አማካይ ሲያወጣ ነቁጡ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ጸንቶ የቆየው ይቀራል። ይህ የሚሆነው ግን የተነሳው ነገር ካልተነቃነቀ ነው።

መጀመሪያ በሙሽሮቹ ልክ ደረባቸው። ሙሽሮቹ ሲነቃነቁ ስለነበር ኋላ ያለው ሁሉ ተምታታ፤ ወይዘሮ አያንቱ ሦስት ሆነው ወጡ። አፈረሰው። ሁለት ቀን ተናዶ አልነካውም። በሦስተኛው ቀን ሙሽሮቹን ትቶ በአጥሩ እንጨቶች ልክ ደረባቸው፤ አጥር አይነቃነቅም። አንዱን ፎቶ ለማስተካከል ሁለት ሰዓት ፈጀበት። የካቲት ገባ።

አሥረኛውን አስቀምጦ አማካዩን አወጣ።

ፊት ያሉት ሁሉ ተበላሹ። ሮበሌ ሁለት አፍንጫ አበቀለ። ወይዘሮ ተሾመች ጭስ ሆኑ። ከእነሱ ኋላ፣ ጨለማው ውስጥ፣ አንዲት ሴትዮ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ግራ ዓይናቸው ከቀኙ ያንሳል። ከንፈራቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ሰልችቷቸዋል። አይነቃነቁ የተባሉትን አክብረው አሥር ጊዜ መብረቅ ሲበራባቸው እንደ አጥሩ ጸንተው ተቀምጠዋል።

ቴዎ ከኋላው መጥቶ ቆመ። ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው። ትንሽ ብናለሰልሰውስ፣ ዙሪያውንም ብናበራው አለ በመጨረሻ። ዳኜ እጁን ከማውዙ ላይ አነሳ። ማልቀሱን ያወቀው ስክሪኑ ሲደበዝዝበት ነው።

*

የካቲት ስምንት ከሰዓት በኋላ ለቡ ደረሰ። በሩን የከፈተለት ሮበሌ ነው። አቶ ኮርሳ በረት አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከአጥሩ ወዲያ አዲስ ሕንፃ ቆሞ ግቢው ላይ ጥላ ጥሏል። ዳኜ እጅ ነሥቶ ፖስታውን በሁለት እጁ ሰጠ።

ሽማግሌው ፎቶውን አውጥተው አራቁት፤ አቀረቡት። ተነሥተው ከሕንፃው ጥላ ወደ ፀሐዩ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

«ዙሪያው ለምን ጨለመ?» አሉ ሳይዞሩ።

«መሽቶ ነበር አባባ። እሱን አልነካሁትም።»

«አዎ» አሉ። «መሽቶ ነበር።»

ሶሬቲ ከቤት ወጣች። አባቷ ፎቶውን ሰጧት። ስታየው ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ ልክ እንደ ፎቶው። እንዳታለቅስ እየታገለች ነበር። ቀና ስትል ዳኜን አየችው። ከወር በላይ እንዲህ አላየችውም።

ያኔ ለማንም ያልተናገረውን ተናገረ። እናታቸው ለራሴ ስጠኝ እንዳሉት፣ እሰጥዎታለሁ ብሎ ቃል እንደገባ፣ በፋሲካ ሲጠይቁት በአበባ እንደለወጣቸው እያወቀ እየመጣ ነው እንዳላቸው፣ እሳቸውም እንደመረቁት። ሮበሌ ፊቱን ወደ በረቱ አዞረ።

«በሰኔ ሁሉ ትጠይቅ ነበር» አሉ አቶ ኮርሳ። «ያ ልጅ አልመጣም ወይ ትለኝ ነበር። የምን ልጅ እንደሆነ አላወቅኩም።»

ዳኜ አንገቱን ደፋ። ከስድብ ይልቅ ይህ ከበደው። ፎቶው የእርስዎ ነው፣ የፈረዱብኝን እቀበላለሁ አላቸው።

ሽማግሌው ፎቶውን ከልጃቸው ወስደው መልሰው እሱ እጅ ላይ አደረጉት።

«ቃል የገባኸው ለእኔ ነው?»

«ለእሳቸው ነው።»

«እንግዲያው ለእኔ ለምን ትሰጠኛለህ? ሄደህ ለእሷ ስጣት።»

አራቱ በእግር ሄዱ። አቶ ኮርሳ ከፊት ናቸው። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይዞሩ ተናገሩ፤ አባት አለህ ወይ አሉት። የለኝም አለ። ማን ይመጣልሃል ታዲያ አሉ። ዳኜ ጥያቄው የምን እንደሆነ እስኪገባው ሦስት እርምጃ ሄደ። ሶሬቲ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

መቃብሩ ጋ ሲደርሱ ሮበሌ የመስታወቱን ብሎኖች ፈታ። ሶሬቲ መስታወቱን ያዘች። ዳኜ ተንበርክኮ ፎቶውን ቀዳዳው ውስጥ አስገባ፤ መጀመሪያ ዘመመ፣ አቃናው። መስታወቱን ለመመለስ የእሱና የእሷ እጅ አንድ ላይ ድንጋዩ ላይ ዋለ። አባቷ እያዩ ነበር። እጇን አላነሳችም።

«እማማ አያንቱ» አለ። «ዘገየሁብዎ። ይኸው።»

ነፋስ ባሕር ዛፎቹን አንቀሳቀሰ። አቶ ኮርሳ ቆባቸውን አውልቀው ቀረብ አሉና የሚስታቸውን የሰለቸ ፊት አዩት፤ ቤት እንደሚያዩት አድርገው።

«ተቀብላሃለች» አሉ።